ጥቅምት 30 የተወለዱት

ትናንት ሲከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አልከፈትም ብሏችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ሱሉልታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የሪከርድ ቢሮው ሠራተኛ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁላችንም ኦቦ ብቻ ነበር የምንላቸው፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት። የተማሪዎቹን መዝገብ በሙሉ በአሮጌ ፕሮግራም ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አይሲቲ ስለማስተምር ቢሮው ለጊዜው ለእኔ ተሰጠ። አላለቀስኩም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተሩን አበራሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ፋይል ስለማያነብ፣ መዝገቡን በአሮጌው ኮምፒውተር ተራ ጽሑፍ አድርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ማስገባት ነው። እንደዚያው አደረግኩ። ነገር በሥርዓት ሲሆን ስለምወድ የትውልድ ቀኑን ዓምድ ዓይነት ከ"ጽሑፍ" ወደ "ቀን" ቀየርኩት፤ ቀኑ ባዶ የሆነ ረድፍ እንዳያልፍም ከለከልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪ ከጫንጮ መጣች።

"አካም ጅርቱ ቲቸር? ትራንስክሪፕቴን ፈልጌ ነበር። አዲስ አበባ ኮሌጅ ልገባ ነው፣ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።"

ስሟን ጻፍኩ። ምንም አልመጣም።

"የለሽም" አልኳት።

"እንዴት የለሁም? አራት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ሲጥል የነበረው ታዲያ ማንን ነው?"

"በሌላ ስም ተመዝግበሽ ይሆን?"

"ቲቸር ደግሞ! ስንት ስም አለኝ?" ሳቀች። ስልኳ ላይ ሰዓቱን ስታይ ሳቋን ተወችው።

የሁለቱን መዝገቦች ረድፎች አስተያየሁ። በአዲሱ ላይ አሥራ አንድ ሰው ጎድሏል። ፕሮግራሙ ያልተቀበላቸውን በአንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ለብቻ አስቀምጧቸው ነበር፤ እኔ ግን አልከፈትኳትም። አሁን ከፈትኳት። ሁሉም የተወለዱት 30/2 ነው፤ ጳጉሜ የተወለደ በአጋጣሚ አልነበረንም። ለእኛ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ ብቻ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን ስለሌለው ቀናቸውን እንደ ባዶ ቆጥሮ ጣላቸው። የቀሩትንም ተማሪዎች በፈረንጅ ወር አንብቦ ዝም ብሎ ተቀብሏቸዋል።

"ልደትሽ መቼ ነው?"

"ጥቅምት ሠላሳ። ምነው፣ ስጦታ ልትሰጪኝ ነው?"

አምና ኦቦን "ይሄን ዓምድ ቀን ያድርጉት እንጂ፣ ጽሑፍ እኮ ነው" ብያቸው ነበር። "ተይው ልጄ፣ እኔ የጻፍኩትን ኮምፒውተሩ አይተርጉምብኝ" አሉኝ። አላወቁም ብዬ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡ።

ያስገባሁትን ሁሉ ሰርዤ፣ ቀኑን ጽሑፍ አድርጌ እንደገና አስገባሁ። ቁጥሩ ገጠመ። አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋት። እየሮጠች ወጣች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው "ቲቸር ተመዘገብኩ!" የሚል መልእክት ላከችልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። "ጎበዝ" ብዬ መለስኩላትና የቀሩትን አሥር ስሞች አንድ በአንድ ማመሳከር ቀጠልኩ።

እናንተም ሞክሩት። መዝገቡን ያስገባው ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ቀኑን እንደተጻፈ አስገቡ፣ ከዚያ ረድፎቹን ቁጠሩ። ቁጥሩ ካነሰ፣ እባካችሁ የጎደለው ማን እንደሆነ በስም ፈልጉ።