የኢሳኩ ጥንቸል

ቶሞጂሮ ዕድሜ ልኩን ኦሳካ ውስጥ፣ ቦዩ ዳር ባለች ጠባብ ቤቱ ተቀምጦ የዝሆን ጥርስ ቀረጸ። ሥራው ኔትሱኬ ነበር። ኪስ የሌለው ልብስ የሚለብስ ሰው የትንባሆ ከረጢቱን ከመቀነቱ ሲያንጠለጥል፣ ገመዱ ሾልኮ እንዳይወድቅ ከጫፉ ሆና የምትይዝለት አውራ ጣት የምታህል ቅርጽ ናት። መምህሩ “ያላለቀ ሥራ ከደጅ አይውጣ” ብሎት ሞቷል፤ ቶሞጂሮም ቃሉን እንደ ጸሎት ይዞ ኖረ። የቀረጻት አይጥ ጥፍር በደንብ ካልታየው እህል አይወርድለትም። ሚስቱ ሺጌ፣ “ይሄ ሰውዬ እኔንም ፍቆ ሳያለሰልስ አያስቀብረኝም” እያለች ለጎረቤት ታማው ነበር።

አንድ ልጃቸው ኢሳኩ መቀነት ለመታጠቅ ሲደርስ አባቱ ጥንቸል ቀረጸለት። ልጁ ሲያስብም፣ ሲያፍርም፣ ሲዋሽም የጥንቸሏን ፊት በአውራ ጣቱ ያሻል። እናቱ ውሸቱን የምትይዘው በዚያ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲወልድ አፍንጫዋና ጢሟ ጠፍተው በቦታቸው ትንሽ ጎድጓዳ ቀረ። ከዚያ ኮሌራ ገባና ኢሳኩ ሳያገባ፣ ሳይወልድ ሞተ። ልብሱን አቃጠሉት። ለእናትና ለአባት የቀረችላቸው ጥንቸሏ ብቻ ናት።

ዘመኑም ከፋ። ሹማምንቱ ሱሪ ለበሱ፤ ሱሪ ደግሞ ኪስ አለው። የቶሞጂሮን ደጅ የሚረግጡት መቀነት ታጥቀው የማያውቁ ፈረንጆች ብቻ ሆኑ። ገዝተው በመስታወት ሳጥን ይደረድሩታል አሉ። ገመድ የማይገባበት ኔትሱኬ ምን ይባላል? ቶሞጂሮ ይህ ነገር እስከ መጨረሻው አልገባውም።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ጥንቸሏን ለሟቹ መታሰቢያ ቤት ውስጥ ከቆመው የኢሳኩ የስም ሰሌዳ አጠገብ አያት፤ አስፈቅዶ አነሳት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጎድጓዳ ፊቷን በጣቱ ዳሰሰ። ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ቢሰጡት ለአገሩ ሰው ከቶሞጂሮ ስም ጋር እንደሚያሳያት አስነገረ። ቶሞጂሮ ነገ ይምጣ አለ።

ሺጌ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት ግን፣ “ይውሰዳት” አለች። “እኛ ስንሞት ማን ይይዛታል? እሱ እንኳ አያያዙን ያውቅበታል።” በማግስቱ ለልጇ ልትነግረው ወደ መቃብሩ ሄደች።

ቶሞጂሮ ጥንቸሏን በጨርቅ ሊጠቀልላት አነሳና ፊቷን አየ። አፍንጫ የላት፣ ጢም የላት። እንዲህ ሆና፣ ያውም በስሙ፣ ባሕር ልትሻገር? ቢላዋውን ሳለ። የጎድጓዳውን ዙሪያ ፍቆ አወረደና ከሥሩ አዲስ አፍንጫ አወጣ፤ ጢሟን አንድ በአንድ ሳበ፤ ወልውሎም ደስ አለው።

ሐኪሙ መጥቶ አገላብጦ አያትና አስተርጓሚውን አናገረው።

“አባት፣ ትናንት ያሳዩኝ የታለች ይላል።”

“ይህችው ናት። አድሼለት ነው።”

ሐኪሙ ጥንቸሏን ጨርቁ ላይ ቀስ አድርጎ መለሳት፤ አጎንብሶ እጅ ነሣና ሄደ። ሺጌ ከመቃብር የተመለሰችው ይሄኔ ነው። እንደ ልማዷ ጥንቸሏን አንስታ ጣቷን ፊቷ ላይ አሳረፈች። አዲሱ አፍንጫ ወጋት።

“ኢሳኩ የታለ?” አለችው።

ያደረገው ነገር ያን ጊዜ ገባው። ልትኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋች እንኳ ሌላ ዓይን ይተርፋታል፤ እሱ ግን አንድ ነበረው።

ከዚያ ወዲያ ቢላዋ አልጨበጠም። በሩ ላይ ተቀምጦ የጥንቸሏን ፊት በአውራ ጣቱ ሲያሽ ይውላል፤ ጎረቤትም አበደ ብሎ ተወው። የዝሆን ጥርስ ቶሎ እሺ አይልም። ብዙ በረዶ ወርዶ ከቀለጠ በኋላ አንድ ማለዳ አፍንጫዋ ጠፍቶ ትንሽ ጎድጓዳ አገኘ፤ እንደ ልጅ እየቦረቀ ሺጌን ጠራት።

ሺጌ ጣቷን አሳረፈች። ጎድጓዳውን ዳር ዳሩን ዳሰሰች።

“ተወው በቃ” አለችው፣ እጁን ይዛ። “የልጄ ጣት ቀጭን ነበር።”