ጨረቃ ላይ ለመኖር የተለማመደችው ልጅ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ አቡ ዳቢ፣ አል ካራማ ሰፈር፣ አንድ ቤት ሞግዚት ነበርኩ። የማሳድጋት ልጅ አሥር ዓመቷ ነበር። በዚያ ሰሞን ጨረቃ ላይ በረዶ ሳይኖር አይቀርም የሚል ወሬ ከቴሌቪዥን ሰምታ ሌላ ጨዋታ አልጥማት አለ። መሐንዲሱ አባቷ የጠየቀችውን ሁሉ ይመልስላታል። ውሃ ካለ ሰው ሄዶ ይኖራል፤ ቤቱን ግን ከመሬት በታች ይሠራል፤ አየሩንም ከማሽን ነው የሚያገኘው አላት።

«ማሽኑ ቢበላሽስ?»

«እስኪጠገን በራቸውን ዘግተው፣ ብዙ ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ።»

ሳህን እያነሳሁ ሰማኋቸው። ደስ አላለኝም፤ ግን ምን አገባኝ ብዬ ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁ።

ትምህርት ሲዘጋ አል ዐይን ከተማ፣ አል ሂሊ የሚባል ሰፈር፣ አያቷ እርሻ ሄድን። በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ይተኛል። አንድ ቀን አልጋዋን ባየው የለችም። ጓሮ ወጥቼ የተምር ዛፎቹ ሥር ፈለግኳት፤ የለችም። ስመለስ ከኩሽናው ጎን ካለው ዕቃ ቤት ሳል ሰማሁ። ክፍሉ መስኮትም ኤሲም የለውም። በሩን ብገፋው ከውስጥ ተቆልፏል።

«ክፈቺልኝ የኔ እናት።»

«አልከፍትም። ውጭ አየር የለም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። «እኔ ታዲያ በምን እየተነፈስኩ ነው?» አልኳት።

«አንቺ ሞተሻል» አለችኝ። ድምፅዋ እንቅልፍ ሊጥለው የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብጠራት አልመለሰችም። ጮኬ የቤቱን ሾፌር አስነሳሁት፤ በትከሻው ገጭቶ በሩን ሰበረው። የበሩን ዙሪያ በፕላስተር አሽጋው፣ ከሥር ብርድ ልብስ ወትፋበታለች። የሩዝ ጆንያ ተደግፋ፣ ልብሷ በላብ ርሶ፣ ዓይኗ ተገልጦ አታየንም።

ሐኪም ቤት አድራ ዳነች። እናቷ፣ ማዳም፣ «የት ነበርሽ?» ከማለት በቀር አልተቆጣችኝም። አባትየው የውስጥ በሮቹን ቁልፎች በሙሉ ሰብስቦ ወሰደ። ስለ ጨረቃ ማውራትም ቀረ።

እኔም የቀረ መስሎኝ ነበር። ካራማ ከተመለስን በኋላ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ በእርጋታ «ሁለተኛ እንዲያ እንዳታደርጊ» አለችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«በሩን አሰበርሽ። ጨረቃ ላይ ቢሆን አየሩ ሾልኮ ያልቃል፤ አንድ ሰው አድናለሁ ብለሽ ሁሉንም ትፈጂ ነበር። ስሄድ አንቺን አልወስድሽም።»

ፀጉሯን ጎንጉኜ ጨረስኩላት። ትክክል ሳትሆን አትቀርም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። እዚያ የሚወለዱ ልጆች ይህንኑ እየተማሩ ያድጉ ይሆናል። ለአባቷ ልንገረው ብዬ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ኮንትራቴ እስኪያልቅ ድረስ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ አላውቅም፤ ክፍሏ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።