ትራፊኳ የመረጠችው ካርድ

ሃምሳ ዓመት የተጠጋት ትራፊክ ፖሊስ ጣና ዳር ወዳለው የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ስትገባ፣ ባለሱቁ ባምላክ ሞተር ሳይክሉን እግረኛ መንገድ ላይ እንዳቆመ ትዝ አለውና ደነገጠ። እሷ ግን ነጭ ጓንቷን አውልቃ፣ እንደ መሐረብ አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ጓንቱ የከለላቸው እጆቿ ግን ቀላ ብለው የሌላ ሰው ይመስላሉ።

«ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፤ ራሴው» አለች፣ ከደንብ ልብሷ ኪስ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር እያወጣች።

ባምላክ በመብራት ያሸበረቀ ኬዝ አሳያት።

«የሠርግ ቤት አስመሰልኸው እኮ! ደግሞ ማራገቢያው ድምፅ የሌለው ይሁን፤ የባጃጅ ክላክስ ስሰማ ነው የዋልሁት።»

ሌላ ደንበኛ ሊገባ ሲል፣ ዞር ሳትል መዳፏን ዘረጋችበት። ሰውየውም ደፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ራሙን ቶሎ መረጠች። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስትደርስ ግን ርካሹን አገላብጣ አየችና መለሰችው።

«ይኸ መንገዱን አጥርቶ አያሳይም።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው የሚጫወቱት?»

«መኪና መንዳት። ከተማ ውስጥ።»

ባምላክ ሳቁን ዋጠ። «መኪና ሲያዩ ውለው፣ ማታም መኪና?»

«እዚያ ሌላ ነው፣ ልጄ። ቀይ ሲበራ ሁሉም ይቆማል፤ አንድም ሰው አይከራከርም።»

ውዱን ካርድ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የምጥሰው እኔ ብቻ ነኝ» አለችው።