የጓዳው አሚን

በ2009 ዓ.ም. የመውሊድ ዕለት ሃጂራ ከጧት ጀምራ ቂጧ መሬት አልነካም። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ በታላቅ ወንድሟ በዐብዱረሕማን ቤት፣ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን፣ ሽቦ በእጇ እንደያዘች ትመላለሳለች።

በዚያ ቤት ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ወንዶቹ ሳሎን ከሼኹ ጋር ተቀምጠው መንዙማውን ይሰማሉ፤ ሴቶቹ ጓዳ ሆነው የድስት ክዳን ይሰማሉ። ዱዓው ማለቁን የሚያውቁት "ምግብ አቅርቡ" ሲባል ነው። ላብሽ ይፈለጋል፣ ጆሮሽ ግን አይፈለግም ማለት አይደል? ሃጂራ ዘንድሮ መረራት። "ሴቶቹ ዱዓውን ሳይሰሙ ከዚህ ጓዳ አንዲት ትሪ አትወጣም!" ብላ ለወንድሟ በግልጽ ነግራዋለች።

ሳሎን ውስጥ፣ ሼኹ ከሚቀመጡበት በላይ፣ የአባታቸው ስፒከር ተሰቅሏል። ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ፣ የሼኹን ማይክ ድምፅ ከሚያጎላው አምፕሊፋየር ጋር በሽቦ የተያያዘ። ለጓዳው ሃጂራ የእህቷ ልጅ ከጅዳ የላከችላትን ሽቦ አልባ ስፒከር አመጣች። ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ የብሉቱዝ ማስተላለፊያ ገዝታ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ሰካችው። የሼኹ ድምፅ ጓዳ ሲገባ ሴቶቹ እልል አሉ።

መንዙማው ሞቅ ሲል የጓዳው ስፒከር ጸጥ አለና የሰርግ ዘፈን ለቀቀ።

"ጦይባ! ያንቺ ስልክ ነው!" አለች ሃጂራ ጎረቤቷን።

"ኧረ እኔ አልነካሁትም! ለኒካሑ ጊዜ ስፒከሩን ተውሼሽ አልነበር? ስልኬን አስታውሶ እሱው ራሱ ያዘው!"

"በይ አጥፊው፣ ሼኹን ሙሽራ ልታደርጊያቸው ነው?"

ስልኩ ጠፋ፣ መንዙማው ተመለሰ። ዱዓው ሲጀመር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ወንዶቹ "አሚን" ይላሉ፤ የሴቶቹ "አሚን" ዘግይቶ ይመጣና ሼኹ በጀመሩት ቀጣይ ዱዓ ላይ ይወድቃል። ሼኹ ተደናቀፉ። ሳሎኑ ሳቀ።

ዐብዱረሕማን ጓዳው በር ላይ ደረሰ። "አጥፊው! አዋረድሽኝ።"

"ምነው አያ፣ እኛ መቼ ዘገየን? ድምፁ ነው የሚዘገይብን። በሽቦ የሚሄደው ወዲያው ይደርሳል፣ ይኼ ግን ይንቀረፈፋል።"

"እንግዲያው በልባችሁ በሉት።"

"በልባችን ስንል አይደል የኖርነው!"

ሃጂራ ወንድሟን ገፋ አድርጋ ሳሎን ገባች። ቀና ብላ አሮጌውን ስፒከር አየች። ሼኹ ሥሩ ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ ጉልበታቸው ሼኹን ይነካል። ታዲያ ለማን ነው የሚጮኸው? ለክብር! ጆሮ የጎደለውማ ማንም አልነበረም። ወንበር ስባ ወጣችና ከሚስማሩ ታወርደው ጀመር።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አለ ዐብዱረሕማን ተከትሏት ገብቶ።

"ሼኹ እቅፋችሁ ውስጥ ናቸው፤ ማጉያ ምን ይሠራላችኋል? ያዝ በዚያ በኩል፣ ይከብዳል።"

"ሃጂራ፣ እንግዳ አለ..."

"እንግዳውም ርቦታል። ያዝ!"

ዐብዱረሕማን ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው አንድም አልተገኘም። ያዘ። ሽቦው ለድንኳን ተብሎ የተገዛ ረጅም ስለነበር በመስኮት አሳልፈውት ስፒከሩን ጓዳ አደረሱት።

ሼኹ ሰው ሁሉ ቦታው እስኪመለስ ጠበቁና እጃቸውን ዘረጉ። "ለዚህ ድግስ እሳት ለገረፋቸው ሴቶች፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን" አሉ።

እንዲህ ያለ ዱዓ በዚያ ሳሎን ተሰምቶ አያውቅም። ወንዶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከጓዳ "አሚን!" የሚል ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣባቸው።