አያቴ ማጣሪያውን ሲያጥቡ

አያቴ ሁሌ ጁምዓ ጠዋት የሰፈራችንን የውሃ ማጣሪያ ያጥቡ ነበር። ውሃውን ከታች ወደ ላይ እየገፉ አሸዋው የያዘውን ጭቃ ያስወጣሉ፤ አጥበው እስኪጨርሱ የሰዉ ቧንቧ ዝግ ነው። በሱዳኗ ገዳሪፍ ሙቀት ጀሪካን ይዞ ከተሰለፈው ሁሉ ይበልጥ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

«አባባ፣ ዲግሪ የያዝኩበት እኮ ነው! አስር ደቂቃ ይበቃል!»

«ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ። የሚወጣው ውሃ ሳይጠራ ማጠቡን አላቆምም።»

ያናድዱኝ ነበር።

ከሞቱ ወዲህ የማጥበው እኔ ነኝ። ባለፈው ጁምዓ ሰው ሲጮህብኝ ጊዜ ማጠቡን በአስር ደቂቃ አቆምኩት። ከዚያ ለሰዉ የከፈትኩት ውሃ ድፍርስ ሆኖ ወረደ።

«ዲግሪሽን ነው እንዴ የምታጠጪን?» አለችኝ ጎረቤታችን።

አንዴ የቧንቧውን መክፈቻ ሰብሬ ሰዉ ሲቆጣ፣ አባባ ከፊቴ ቆመው «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብለው ነበር። አሁን ሳጠፋ ከፊቴ የሚቆም የለም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።