በአሻንጉሊት የቀናው ልብስ ሰፊ

ሰው በሰው ይቀናል። ልብስ ሰፊው ወንድሜ ግን የቀናው በፕላስቲክ ነው!

ልጆቻቸው ራሳቸውን ሲችሉ ሚስቱ ነርስነት ልማር ብላ ገባች። ትምህርት ቤቷ የሚተነፍስ፣ የሚያቃስት፣ ልቡ የሚመታ የመለማመጃ አሻንጉሊት አለው፤ ተማሪዎቹ «ጌታው» ይሉታል። ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆነ።

«ዛሬ ጌታው ትንፋሽ አጠራቸው። እጃቸውን ይዤ ‹አይዞዎት› አልኳቸው።»

ወንድሜ መቀሱን አስቀመጠ። «እኔን አንተ፣ ፕላስቲኩን አንቱ?»

«ታማሚ ናቸዋ!»

«እኔስ ወገቤን አመመኝ ስልሽ አልሰነበትኩም?»

«ተጎንብሰህ እየዋልክ ምን ላድርግህ? ቀና በል!»

«ቀንቼ የለ እንዴ!»

እንዲህ ሲነታረኩ ፈተና ደረሰ። የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። በዋዜማው ግን ጌታው ተበላሹና እያንዳንዱ ተማሪ ታማሚ የሚሆን ሰው ይዞ ይምጣ ተባለ። ጎረቤት ልትለምን ስትወጣ ወንድሜ በሩን ዘጋባት። «ከእኔ የባሰ በሽተኛ ከየት ልታመጪ?»

ጠዋት ፈታኟ ለብቻው ጠርታ አስጠናችው። «የስኳር ታማሚ ነዎት። መድኃኒትዎን ወስደው ቁርስ ስላልበሉ ስኳርዎ ወርዷል። ‹ራሴን አዞረኝ› ይበሉ፤ ሌላውን ካልጠየቀችዎት ትንፍሽ እንዳይሉ!» ላብ እንዲመስልም ግንባሩ ላይ ውሃ ረጨችበት።

ሚስቱ ገባች።

«ራሴን አዞረኝ» አላት።

የደም ግፊቱን ለካች፤ ደህና ነው። ከዚያ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ መሣሪያውን ታያለች፤ እሱን ግን ዞር ብላም አላየችው። ወንድሜ አላስቻለውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፦

«የጌታውን እጅ ትይዢ የለ? እኔ ጋ ስትደርሺ ነው እጅሽ የሚያጥረው?»

ጉድ ፈላ! ፈታኟ ብዕሯን አነሳች። ሚስቱ እንደማታውቀው ሰው ትኩር ብላ አየችው፤ ግንባሩን ዳሰሰች።

«ታማሚው አልቧቸዋል፤ መቀባጠርም ጀምረዋል» አለች ጮክ ብላ። «የስኳር በሽታ አለብዎት? ምግብ የቀመሱት መቼ ነው?»

«አለብኝ። መድኃኒቴን ውጬ ቁርሴን ትቻለሁ» አለ ወንድሜ።

ጣቱን ወጋ አድርጋ ስኳሩን ለካች። ፈታኟ «በጣም ወርዷል እንበል» አለቻት። መዋጥ መቻሉን አረጋግጣ፣ ቀና አድርጋ ደግፋ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አጠጣችው። ስኳሩን እንደገና እስክትለካው ድረስም እጁን አለቀቀችም።

አለፈች! እልል በሉልኝ!

ፈታኟ ወንድሜን አድንቃ አልጠግብ አለች። «እንዲህ ያለ መቀባጠር ተዋናይም አይችለው! ነገ ለሌሎቹ ተማሪዎችም ይመጡልናል?»

ወንድሜ ኮሌታውን አስተካክሎ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሚስቱ ክንዱን አፈፍ አድርጋ ወደ በሩ ጎተተችው።

«ሌላ በሽተኛ ፈልጉ» አለች፤ «ይሄ የራሴ ነው።»