ለሽማግሌ የማይከፈት በር

ኑዕማን መቆጣት አይችልበትም። ስለዚህ ስለ እሱ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ኮተቤ ውስጥ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቶች ነን። አባቱ በኮተቤ መንገድ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው ያለፉ ሰው ናቸው። እሱ ኮምፒውተር ተምሮ መጀመሪያ የተቀጠረው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነበር። እዚያ ደንበኞች ኢሜይላቸውን ሳይዘጉ ሲወጡ፣ ዓይኑን ከጽሑፉ እያሸሸ ይዘጋላቸው ነበር። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ሀውላ ናት፤ እሱ ስለ ራሱ አያወራም።

አሁን የሚሠራው የካ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ የክሊኒኩን ስም አልጠራም። የእኔም ካርድ፣ የሰፈሩም ግማሽ ሰው ካርድ እዚያ ነው። ካርድ ስል ወረቀት ማለቴ አይደለም። ሁሉም የሚቀመጠው በከተማው ሌላ ጫፍ በኪራይ በተያዘ ሰርቨር ላይ ነው። ሠራተኞቹ ከያሉበት ሆነው የዚያን ማሽን ስክሪን በራሳቸው ስክሪን ላይ ያዩታል። ማሽኑ ፊት የተቀመጡ ያህል ማውስ ያንቀሳቅሳሉ፣ ካርድ ይከፍታሉ።

ኑዕማን ከመቀጠሩ በፊት ያ ስክሪን ለኢንተርኔቱ ሁሉ ክፍት ነበር። የሚጠብቀው አንድ ፓስወርድ ሲሆን እሱም በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንድ ጠዋት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እየሩስ እየሠራች ሳለ፣ የማውሱ ቀስት ሳትነካው መንቀሳቀስ ጀመረ። የአንዱን በሽተኛ ካርድ ከፈተ፤ ዘጋ፤ የሌላውን ከፈተ። እየሩስ የገባው ሥራ አስኪያጁ ጌድዮን መሰላት። ከአለቃ ጋር ማውስ መሻማት ነውር ነውና እጇን አንስታ፣ እስኪጨርስ ድረስ በአክብሮት ጠበቀችው። ጌድዮን ግን በዚያ ሰዓት ጥርስ ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። የገባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እየሩስን አልወቅሳትም። እኔም ብሆን እጄን አነሳ ነበር። የምወቅሰው በሩን እንዲያ ገርበብ አድርጎ የተወውን ነው።

ኑዕማን ሲመጣ ስክሪኑ ከውጭ ለሚመጣ ጥሪ መልስ እንዳይሰጥ አደረገው። ሊገባ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በቁልፍ ወደ ሰርቨሩ ይገባል። ቁልፉ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠና ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል የሚከፈት ፋይል ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ታነል በሚሉት መስመር ውስጥ ያልፍለታል፤ መንገድ ላይ የሚያደባ ሰው ቢኖር አንዲት ፊደል ማንበብ አይችልም። ሥራው ሁለት እርምጃ ነው። ለለመደው እጅ የመታጠብ ያህል ነው።

ታዲያ ለዚህ ምን ምስጋና አገኘ? “እንደ ሌባ ቆጠረን” ተባለ። “ሰው አያምንም፤ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው” ተባለ። የእኛን ገመና ለከደነልን ሰው የተሰጠው ስም ይህ ነው! እሱ ግን እየሳቀ ለአንዱም ለሌላውም ቁልፍ ሲጭን ሰነበተ። ላፕቶፑን ሳያመጣለት የቀረው ጌድዮን ብቻ ነበር።

ነገሩ የከረረው ጌድዮን እንግዶች ጠርቶ እንጦጦ ፓርክ ምሳ የጋበዘ ዕለት ነው። ከምሳ በኋላ የክሊኒኩን አሠራር ላሳያችሁ ብሎ ታብሌቱን አወጣ፤ አልገባ አለው። ለኑዕማን ደወለ፣ እንግዶቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገው።

“ኑዕማን፣ አልከፍት አለኝ እኮ!”

“ላፕቶፕዎን ይዘዋል፣ አቶ ጌድዮን?”

“ታብሌት ነው የያዝኩት።”

“እሱ ላይ ቁልፍ አልጫንንም። ደግሞም እዚያ የሚታየው የበሽተኞች ስም ነው።”

“ስሙን ተወው! ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደ ድሮው ክፈተው። ካስፈራህ ፓስወርዱን ረጅም አድርገው።”

“የቱንም ያህል ቢረዝም ያ የስክሪኑ ፕሮግራም የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ነው፤ የቀረውን አያየውም።”

“አንተ ሰውዬ፣ ከገዛ ክሊኒኬ ልታስወጣኝ ነው?”

“እኔ አላስወጣዎትም። ላፕቶፕዎን ይዘው ይምጡ፣ ወዲያው አስገባዎታለሁ።”

ከእንግዶቹ አንዱ “ዘበኛህ ጎበዝ ነው” ብሎ ሳቀ። ጌድዮን ያቺን ሳቅ ይዞ ከተራራው ወረደ።

ጌድዮን አብሮኝ የሚያመልክ የቤተ ክርስቲያኔ ሰው ነው፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም ይህ ነው። ኑዕማን ላይ ጥፋት አላገኘምና በደብዳቤ ሊቀጣው አልቻለም። ስለዚህ ሽማግሌ ላከበት። በሩን እንዲከፍትለት፣ የሰርቨር በር እንዲከፍትለት፣ ሽማግሌ!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ከኑዕማን ቤት ደረሱ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያናችን ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። ሌላው ሐጂ ከማለዲን፣ አባቱ ሲሞቱ ኑዕማንን ያሳደጉት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጌድዮን አስቦበታል፤ ኑዕማን ሐጂን እምቢ ብሎ አያውቅም። እኔም ጎረቤት ነኝና ተጠርቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁላችንም የገባን ነገር ነበር፦ ሽማግሌ ከመለሰ ሥራው ላይ አይቆይም፤ እሺ ካለ ደግሞ የሁላችንም ካርድ ሜዳ ላይ ይሰጣል።

ሻይ ቀረበ። ሐጂ ጀመሩ።

“ልጄ፣ አለቃህ ቅር ብሎታል። በር ዘጋብኝ ይላል። በር በሰው ላይ ይዘጋል እንዴ? ክፈትለትና ይለቅ።”

“ሐጂ፣ በሩ ለእሳቸው ክፍት ነው። እሳቸው የሚሉት ለሁሉም ይከፈት ነው።”

“እሱ ለእኔ ይከፈትልኝ አይደል ያለው?”

“ለእሳቸው ታብሌት ስከፍተው ለሌላውም ይከፈታል። ከውጭ የሚያንኳኳውን ሁሉ መለየት አይችልም።”

ኦቦ ኢቲቻ የሻዩን ብርጭቆ ወደ አፋቸው እያስጠጉ “ለመሆኑ ከበሩ ወዲያ ምንድን ነው ያለው? ገንዘብ ነው?” አሉ።

“ካርድ ነው፣ ኦቦ። ማን በምን እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ።”

ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ።

“የእኔም አለ?”

“እዚያ የሚታከሙ ከሆነ ይኖራል።”

“አይተኸዋል?”

“አላየሁም። የእኔ ሥራ በሩ ነው፤ ውስጡን አላይም።”

ኦቦ ኢቲቻ ሻዩን ሳይጠጡ ብርጭቆውን አስቀመጡት። ምን እንዳለባቸው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ወደ ሐጂ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሐጂም ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ኦቦ ኢቲቻ ስልካቸውን አወጡ።

“ጌድዮን፣ የት ነህ? እታች አስፋልቱ ላይ መኪና ውስጥ? በል ና። ላፕቶፕህንም ይዘህ ና።”

ጌድዮን ገብቶ ሳይቀመጥ ኦቦ ኢቲቻ ፍርዳቸውን ተናገሩ። “በሩ አይከፈትም። አንተም እንደ ሠራተኞችህ በቁልፍ ትገባለህ። ኑዕማን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅሃል።”

“ለምኑ?” አለች ሀውላ ከጓዳው በር ላይ። “ምን ስላደረገ?”

“ልጄ፣ ሰውየው እንግዶቹ ፊት አፍሯል።”

“ያሳፈረው ታብሌቱ ነው!”

“ሀውላ፣ ተይ” አለ ኑዕማን፤ ተነሳም። “አቶ ጌድዮን፣ እንግዶችዎ ፊት ስላፈሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሩን ግን አልከፍተውም።” ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ገርበብ አድርጎ የተወው ቀና ብሎ ተቀበለ! ይህ ነው እርቃችን?

ኑዕማን ላፕቶፑን ተቀብሎ ቁልፉን ጫነ። ወደ ጌድዮን አዙሮለት “አሁን የይለፍ ቃልዎን ይጻፉ” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ይህን አይተው ሐጂ ከማለዲንም ዞሩ፤ ኦቦ ኢቲቻም ዞሩ፤ እኔም ዞርኩ። ጌድዮን ለማንም ሳይታይ በሁለት ጣቱ ሲጽፍ ድምፁን ብቻ ሰማን።

“ተገናኝቷል ይላል” አለ፣ ደስ እንዳለው ልጅ። “ስክሪኑን ልክፈተው?”

ኑዕማን ዞሮ የላፕቶፑን ክዳን በቀስታ ወደ ታች ገፋው። “እዚህ አይደለም። ቢሮዎ ሲገቡ።”

ጌድዮን ሊናገር አፉን ከፈተ። ኦቦ ኢቲቻ አዩት። ተወው።

ሲወጡ ሀውላ አልለቀቀቻቸውም። “ሐጂ፣ ለባሌስ ማን ይቅርታ ይጠይቀው?” አለቻቸው። ሐጂ ጫማቸውን ማሰር ላይ አተኮሩ። ጌድዮን ደግሞ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ቀድሟቸው ወርዷል።

በማግስቱ በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከጌድዮን አንድ መልእክት ወጣ፦ “ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው በቁልፍ ብቻ ነው። እኔንም ጨምሮ።” የኑዕማን ስም የለበትም። ይቅርታ የሚል ቃልም የለበትም። ኑዕማን መልእክቱን አጥሩ ላይ ሆኖ ሲያሳየኝ ፊቱ በርቶ ነበር።

“ይሄው ነው?” አልኩት። “ይበቃሃል?”

“አልሐምዱሊላህ፣ በሩ አልተከፈተም እኮ!”

እኔ ግን አልበቃኝም፤ እስካሁንም አልበቃኝም። ቢሆንም በዚያ ምሽት ስጸልይ፣ ካርዴ ተዘግቶ እንዳደረ እያሰብኩ፣ የኑዕማንን ስም ጠርቼ ጌታን አመሰገንኩ። ለጌድዮንም ጸለይኩ፤ እሱ ግን ከበደኝ።